በጋሼ ያሳቅሁበት እሁድ

ሰው ማሳቅ እንደምችል ያወቅሁት የአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ጢም ስላጭ ነው። የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ኦክላንድ ውስጥ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ ባለ አሮጌ አፓርትመንት፣ ከስትሮክ በኋላ ግራ እግሩ አልታዘዝ ያለውን አንድ ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒቱን መስጠትና ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ማንሸራሸር ነበር።

ሰውዬው ቀልደኛና ተዋናይ ነው። በሙያው ማለቴ ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ እንደ እሱ ኮስታራ ሰው አላየሁም። እንቁላሉ ትንሽ ከጠነከረ ሳህኑን ገፍቶ መስኮት መስኮቱን ያያል። "ይሄ ነው ሰው ሲያስቅ የኖረው?" እያልኩ በሆዴ አማዋለሁ። በስሜ ጥራኝ፣ ሰር ምናምን አትበለኝ ብሎ በመጀመሪያው ቀን ስላስጠነቀቀኝ ነው እዚህም አንቱ የማልለው።

ታሪኩን ያወቅሁት በአንድ ቀን አይደለም። እያጠብኩት፣ ካልሲውን እያለበስኩት፣ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀሉት ፎቶዎች እየጠየቅሁት ነው። የተወለደው እዚያው ኦክላንድ ነው። አባቱ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ፣ በአንድ ላውንድሪ ቤት ልብስ ሲተኩስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ልጁ በሃያ ዓመቱ ሀብታሞች ለእረፍት በሚሄዱባቸው ሆቴሎች እየዞረ ቀልድ ጀመረ። ጦርነት ሲመጣ ወታደር ሆኖ ወታደሮችን አሳቀ። ከዚያ ሬዲዮ ገባ፤ በሬዲዮ ስሙ ተጠራ። ሬዲዮው ሲቀዘቅዝ ወደ ፊልም ሄደ። "አሥራ አራት ፊልም ሠርቻለሁ። በአሥራ አንዱ ስልክ አነሳለሁ፣ በሁለቱ ዳኛ ነኝ፣ በአንዱ ሬሳ ነኝ" ይለኛል፣ እሱ ሳይስቅ።

ሐይቁ ዳር ሰው የሚለየው ግን በፊልሞቹ አልነበረም። በአንድ ወቅት የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ ማስታወቂያ ሠርቶ ነበርና አሮጊቶቹ ጥርሳቸውን ብልጭ እያደረጉለት ያልፋሉ። እሱም ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል። ስልሳ ሲሞላው የሚቀጥረው ጠፋ። ያኔ አንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የገዛ ሕይወቱን ማውራት ጀመረ። ጋዜጠኞቹ "ይሄ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር?" ሲሉ "ስልክ ሳነሳ ነበር" አላቸው። እኔ ስደርስበት ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አሁንም በወር አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ እየተቀመጠ ያወራል። ደግፌ ወደ ወንበሩ የማደርሰው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጢሙን እየላጨሁት የጋሼን የመርዶ ታሪክ ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም። ዝምታው ከብዶኝ ይሆናል።

ጋሼ የምላቸው ሰው የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ የአባቴ የልጅነት ጎረቤት ናቸው። ዲቪው ሲደርሰኝ የዋስትና ወረቀቱን፣ አፊዳቪቱን የሞሉልኝ፣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ሳን ሆሴ ባለች ባለሁለት ክፍል አፓርትመንታቸው ሳሎን ውስጥ አሥራ አንድ ወር ያስተኙኝ እሳቸው ናቸው። መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። መኪናቸውን ከግንብ ጋር ባጋጨሁባቸው ማግሥት "ተነሳ፣ ዛሬ ግንብ የሌለበት እንሄዳለን" ብለው ቁልፉን ሰጥተውኛል። ሳኒቬል በአንድ የኮምፒውተር ዕቃ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ በአማርኛው ቸርች ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ሲታረቅ፣ የሞተበት ሲረዳ መጀመሪያ የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው።

መርዶ እዚያ አገር በሥራ ቀን አይነገርም። ወሬው በስልክ ማክሰኞ ቢመጣ ሰው ሁሉ ሺፍት አለበት፤ ስለዚህ የሞተበት ሰው ሳያውቅ ማክሰኞም ይሥቃል፣ ረቡዕም ይሥቃል፣ ቅዳሜ ማለዳ ግን ሁሉም ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። ጋሼ በዚህ ዓይነት የግማሹን ሳን ሆሴ በር አንኳኩተዋል።

ለአሜሪካዊው ሽማግሌ የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው። የጋሼ እናት አገር ቤት አረፉ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ጥቁር ለብሰን በራቸውን አንኳኳን። ጋሼ በፒጃማ ከፈቱና ሲያዩን ፊታቸው በራ። ከሁለት ቀን በፊት የሲቲዝንሺፕ ፈተናቸውን አልፈው ስለነበር እንኳን ደስ ያለዎት ልንላቸው የመጣን መሰላቸው። ግቡ፣ ግቡ አሉ። ጓዳ ሮጠው ፒጃማው ላይ ክራባት አስረው ተመለሱ። ለሁሉም ለስላሳ ከፈቱ። ከዚያ ሳሎኑ መሐል ቆመው ስለ ፈተናው ንግግር አደረጉ። ፓስተሩን "የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ነው?" ብለው ጠየቋቸው። ፓስተሩ ምን ያድርጉ፣ መለሱ። "ጎበዝ፣ አልፈዋል" አሏቸው። ሰው አጨበጨበ። በመጨረሻ ካሜራ አምጥተው ለእኔ ሰጡኝና "አንሳን" አሉ። አነሳሁ። በፎቶው ላይ ሠላሳ ሰው መሬት መሬቱን ያያል፤ አንድ ሰው ብቻ ይሥቃል።

ሽማግሌው እስኪያለቅስ ሳቀ። ምላጩን ከፊቱ አራቅሁ፣ እንዳልቆርጠው ብዬ። በእንግሊዝኛ ሰው ሳስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሰዎች የሚስቁት በምናገረው ሳይሆን በአነጋገሬ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ አልዋሽም። አረፋው እስኪደርቅ ድረስ የጋሼን እጅ፣ የጋሼን አቋቋም፣ ክራባቱን ሲያጠብቁ አገጫቸውን ቀና የሚያደርጉባትን ነገር ሁሉ እየደጋገምኩ አሳየሁት።

ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና "ግን ለደስታ የመጣችሁ ለምን መሰለው? እሱ ራሱ ሲያረዳ የኖረ ሰው አይደለም እንዴ?" አለኝ።

"ከደስታው ብዛት ነዋ" አልኩት።

ፊቴን አየና አገጩን መልሶ ቀና አደረገልኝ። ከዚያ "ቀጥል፣ ላጨኝ" አለ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ወሬው ማክሰኞ ለፓስተሩ ደረሰ፤ ቅዳሜ እንዲነገር ተወሰነ። ጋሼ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም ይገባሉ። ቤት እንዲቆዩ የማድረግ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ፣ ለእሳቸው ቅርብ ነህ ተብዬ። ሰው በዚህ ጊዜ ደህና ሰበብ ይፈጥራል፤ መኪናዬ ተበላሽታለችና ይምጡልኝ ይላል፣ አሞኛል ይላል። እኔ ግን ዓርብ ማታ ደወልኩና "ጋሼ፣ ነገ ሥራ እንዳይገቡ። የቸርች ሰዎች ለሲቲዝንሺፑ እንኳን ደስ ያለዎት ሊሉ ማልደው ይመጣሉ። እኔ እንደነገርኩዎት እንዳያውቁብኝ፣ ሰርፕራይዝ ነው" አልኳቸው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ስልኩ ውስጥ "ኧረ ምን አደከማቸው" ሲሉ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። እንዳላወቀ ሰው ለመምሰል በፒጃማ የከፈቱትም፣ ጥቁሩን ልብስና የሴቶቹን ዝምታ እያዩ ያላዩትም እኔን ስላመኑ ነው።

ከፎቶው በኋላ የሆነውንም ለሽማግሌው አልነገርኩትም። ለስላሳውን ማንም አልቀመሰውም ነበር። ጋሼ ያን አዩና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፣ ከዚያ እኔን ተመለከቱኝ። "እናቴ ናት?" አሉ። የጠየቁት ፓስተሩን አይደለም፣ እኔን ነው። እኔም ካሜራውን እንደያዝኩ አንገቴን ደፋሁ። ክራባታቸውን ሳይፈቱ ነው ያለቀሱት። ስለዚያ ስልክ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዘኝ። በየጠዋቱ ታሪኩን ያስነግረኛል፤ እዚህ ጋ ዝም በል፣ እዚህ ጋ አትቸኩል፣ ይህቺን ቆርጠህ ጣል ይለኛል። "ፎቶው ላይ አቁም። ከፎቶው ወዲያ አትሂድ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ሳይጠይቀኝ። በሚመጣው እሁድ ከእሱ በፊት አሥር ደቂቃ እንድናገር ተስማማን። ለማንም አልተናገርኩም። ለጋሼማ ጭራሽ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከመቶ ሃያ ሰው በላይ በማትይዝ ቲያትር ቤት ውስጥ፣ ከጎረቤቴ የተዋስኩትን ኮት ለብሼ ወጣሁ። "አጎቴ" ብዬ ጀመርኩ። ጥቁር ልብሱ ላይ ሳቁ፤ ለስላሳው ላይ ሳቁ። ክራባቱ ጋ ደርሼ እጄን ወደ አንገቴ ሳነሳ፣ አገጬን ቀና ሳደርግ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጋሼን አየኋቸው። የቸርች ሱፋቸውን ለብሰዋል። አጠገባቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ተቀምጣለች።

እስከዚያ ድረስ እየሳቁ ነበር፣ ሰው ሲስቅ። እንግሊዝኛቸው ለፋብሪካውና ለፈተናው የሚበቃ ነው፤ እኔ በምሮጥበት ፍጥነት አይከተሉኝም። እጄን ሲያዩ ግን የራሳቸው መሆኑን አወቁት። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ፤ እንዲሁ ቀረ፣ ዓይናቸው ብቻ ተለወጠ።

ማቆም እችል ነበር። ይሄን ነው ከምንም በላይ የማፍርበት። ሌላ ታሪክ ነበረኝ፣ መኪናውን ከግንብ ጋር ያጋጨሁበትን በራሴ ላይ የሚያስቀውን፤ ወደዚያ መዞር ይቻል ነበር። ግን ሰው እየሳቀ ነው። አንዲት ሴትዮ መሐረብ አውጥታ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔም ቀጠልኩ። እንዲያውም አሳመርኩት፤ "ጎበዝ፣ አልፈዋል" የምትለዋን በጋሼ ድምፅ፣ በጋሼ እንግሊዝኛ፣ ቤት ውስጥ ተለማምጄ እንኳ እንዲያ አሳምሬ አላልኳትም። ፎቶው ላይ ስደርስ ቤቱ ተናጋ። ጋሼም አጨበጨቡ። ሰው ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነው ብለው ያምናሉና።

ትዕይንቱ አልቆ ስወጣ መግቢያው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የማላውቃቸው ሰዎች እጄን ይጨብጡኛል፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው።

"እንግሊዝኛህ በጣም ጎበዝ ሆኗል" አሉኝ ጋሼ።

"ጋሼ፣ ማን ነገረዎት?"

"ትኬት በፖስታ መጣልኝ። አንተ የላክልኝ መስሎኝ ነበር፣ ሰርፕራይዝ ልታደርገኝ።"

ልጃቸው አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ዓይን ዓይኔን እያየች በእንግሊዝኛ፣ "ቤት ቆይ ያልከው አንተ ነህ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። እሱን ለምን አልተናገርክም?" አለችኝ።

"ተይ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም" አሏት። ከዚያ ወደሚወጡት ሰዎች አዩና፣ "እነሱ ምን ያድርጉ። ጥርስ ባዳ ነው" አሉ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ልጃቸውን ይዘው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ቤት ስገባ ሰላም እንኳ አላልኩትም። "ትኬቱን ማን ላከው?" አልኩት።

"እኔ" አለ። አድራሻውን ያገኘው ሥራ ስጀምር ከሞላሁት ፎርም ላይ ነው፤ ኢመርጀንሲ ኮንታክት፣ አንድ ነገር ብሆን የሚጠራልኝ ሰው ብዬ የጻፍኩት ጋሼን ነበር።

ጮህኩበት። በሥራ ላይ የጮህኩበት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ ግን አልተቆጣም። ሬዲዮ ላይ ስሙ የተጠራው በምን እንደሆነ ያን ዕለት ነገረኝ። በየሳምንቱ ልብስ ተኳሽ አባቱን እያስመሰለ ነው፤ እንግሊዝኛውን፣ ሳሉን፣ ደንበኛ ፊት እጁን በሽርጡ የሚጠርገውን ሳይቀር። አባቱ ሬዲዮ አልነበረውም። አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ሆኖ ሰማ።

"አልተቆጣኝም" አለ ሽማግሌው። "ከዚያ ወዲያ ግን እኔ ባለሁበት ከአዎና ከአይ ሌላ አልተናገረም። ሃያ ሁለት ዓመት። አፉን ከከፈተ እንደምወስድበት አውቋላ። የእኔ አባት ከጎረቤት ሰማ፤ ያንተ ሰውዬ ግን ካንተው ይስማ ብዬ ነው።" ቀጥሎም፣ "ደግሞ የሆነ ነገር ትተሃል። ጥቁር የለበሰ ሠላሳ ሰው በማለዳ በሩ ላይ አይቶ፣ ማንም ሳይነግረው ክራባት የሚያስር የለም። ይህን የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት" አለ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

መስኮቱን አየና "አስቂኝ ነበራ" አለ። ፊቱን ሳየው እሱም እንደኔ አፍሯል። ሁለተኛ መድረክ ውጣ አላለኝም፤ ቢለኝም አልወጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከባድ ነበሩ። ሳን ሆሴ ስደውል ጋሼ ያነሳሉ። "ደህና ነህ? ሥራ እንዴት ነው? በል እቺውልህ" ብለው ስልኩን ለባለቤታቸው ይሰጣሉ። ቤታቸው ስሄድ እየቀለዱ ከሆነ ያቆማሉ። ምግብ ያቀርባሉ፣ ያጎርሱኛል፣ በር ድረስ ይሸኙኛል፤ ነገር ግን እኔ ፊት አንድ ታሪክ ጀምረው አይጨርሱም። እጃቸውን ጠረጴዛ ስር አድርገው ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ፣ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ግን ራሴን አሳቀኝ፤ ማንን ልላክ? በዚያ ከተማ አስታራቂ ሲፈለግ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ራሴ ልናገር ብዬ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ተመለስኩ። ከመቶ ሃያ ሰው ፊት ያልተያዘ ምላሴ ከአንድ ሰው ፊት ተያዘ።

በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ላይ፣ አንድ ረቡዕ እረፍት ሆኜ ክፍሌ ውስጥ ልብስ ሳጣጥፍ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፤ ከሥራ ቦታ ነው የደወሉት።

"ቤት ነህ?"

"አለሁ ጋሼ።"

"አትውጣ። አሁን ከሳኒቬል እየተነሳሁ ነው። የምመጣው ለደግ ወሬ አይደለም።"

ከዚያ ስልኩን ዘጉ። ከሳኒቬል ኦክላንድ ድረስ ፍሪዌዩ ከተዘጋጋ አንድ ሰዓት ያልፋል። ያን አንድ ሰዓት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያጣጠፍኩትን ልብስ ስፈታና መልሼ ሳጣጥፍ አሳለፍኩት። የፋብሪካውን ባጅ አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። ከኋላቸው ማንም የለም። ደረጃውን ተመለከትኩ፤ ባዶ ነው።

አልተቀመጡም። "አባትህ እሁድ አርፈዋል" አሉኝ። "ፓስተሩ ቅዳሜ ይነገረው ብለው ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ አልኳቸው። ሰዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። ዛሬ ማንም አያይህም፣ እንዳሻህ ሁን።"

ከዚያ ሄደው መጋረጃውን ዘጉልኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ እሳቸውም እንዳያዩኝ።

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። መጀመሪያ ያለቀስኩት ግን ለአባቴ አልነበረም። ጋሼ ለአባቴ መስሏቸው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ "አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ" ይሉኝ ነበር።